ኮፈኗ ተዘግቶ ዳግም ትመርመርልኝ

ቀን፦ ግንቦት 19

ለተሽከርካሪዎች ቴክኒክ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሚያዝያ 29 ቀን በቁጥር 418 «ትፍረስ» የተባለችው ተገጣጣሚ መኪና ከመፍረሷ በፊት ዳግመኛ እንድትመረመር ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ከቢሮዎ በር ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ በአንድ ጠዋት ስንት ሰው ወደ እርስዎ እንደሚገባ ቆጥሬያለሁና ጊዜዎ ምን ያህል የተጣበበ እንደሆነ አላጣሁትም። ቢሆንም ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የቀረኝ ዐሥር ቀን ብቻ ነው። ማሳጠር ብችል ባሳጠርኩት፤ ሰሞኑን ግን እንኳን ጽሑፍ ማሳጠር ወንበር ላይ ረግቶ መቀመጥም አቅቶኛል።

እኔ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ ነኝ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ በቆርቆሮ በተከለለች ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሙሉ ስሜ በቅጹ ላይ ተሞልቷል፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀኝ «ጆሮ» በሚለው ነው። ስሙ የወጣልኝ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እያዳመጥኩ ስለምሠራ ነው። የትኛው ፒስተን እንደደከመ፣ የትኛው ቫልቭ እንደላላ ሳልፈታ እናገራለሁ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም፤ ለደረሰብኝ ውርደት ምክንያቱ ይኸው ስለሆነ ነው።

1. መኪናዋን ያገኘኋት ጡረታ ከወጡ አንድ የሒሳብ መምህር ነው። እኚህ መምህር ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በትልቅ የእንጨት ሣጥን ተፈታትታ የምትመጣ፣ ባለቤቷ ራሱ የሚገጣጥማት ባለሁለት መቀመጫ ትንሽ መኪና አስመጥተው ነበር። ሻንሲ አላት፣ የፋይበር አካል አላት፣ መሪ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ በየከረጢቱ የታሰረ ብሎን አላት። ሞተር ግን የላትም፤ አብሯት የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ሞተሩን ገጣጣሚው ፈልጎ ያምጣ ይላል። መምህሩ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብበው ኅዳጉ ላይ በእርሳስ አርመውታል፤ አንድ ብሎን ግን አላጠበቁም። ቤት ሲለቁ አስጠሩኝና «ወይ ውሰዳት፣ ወይ አሮጌ ብረት ለሚሰበስቡት እሰጣታለሁ። እኔ እንደሆንኩ በሐሳቤ ነድቻት ጨርሻለሁ» አሉኝ። በሁለት ምልልስ በጋሪ አስጭኜ ወሰድኳት።

2. ታናሼና ብቸኛ እህቴ አዋላጅ ነርስ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሞተር ሳይክል ከወንዙ ማዶና ከድንጋይ ካባው በላይ ወዳሉት መንደሮች እየሄደች ታዋልድ ነበር። አምቡላንስ እዚያ አይደርስም፤ ድልድዩ ጠባብ ነው፣ መንገዱም አቀበት። ከዛሬ ዐሥራ አራት ወር በፊት እዚያ አቀበት ላይ ወደቀችና የግራ ዳሌዋ ተሰበረ። ብረት ገብቶለት ድኗል፤ በምርኩዝ ትራመዳለች። ሐኪሙ ግን ሁለት ጎማ ላይ እንዳትወጣ፣ በግራ እግሯም ከባድ ነገር እንዳትገፋ አጥብቆ አስጠንቅቋታል። ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል አስቀምጧታል። ካርድ ፈልጋ ትሰጣለች፣ ተቀብላ ትመልሳለች። አንድ ቀን ምሳዋን ይዤላት ሄጄ «ሥራው እንዴት ነው?» ብላት፣ መደርደሪያዎቹን ዞር ዞር ብላ አየችና «ጋሼ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚወለድ ነገር የለም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዋን የምልክላት በጤና ጣቢያው ዘበኛ እጅ ነው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ፊቷን ማየት ከበደኝ።

ጤና ጣቢያው በደብዳቤ ያሳወቃት ነገር አለ። እስከ ሰኔ 1 ቀን ድረስ በሕግ የተመዘገበች አራት ጎማ ያላት ተሽከርካሪ ይዛ ከቀረበች ወደ መንደሮቹ ትመለሳለች። ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ነርስ ይሰጣል፤ እሷም በካርድ ክፍል ሠራተኝነት ትጸናለች። የደብዳቤው ቅጂ ተያይዟል።

3. ውሳኔው የመጀመሪያ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው «ሞተሩ የሞተር ሳይክል ሞተር በመሆኑ» የሚል ነው። መኪናዋን ያዩት መርማሪያችሁ ደግ ሰው ናቸውና የምርመራው ዕለት፣ ውሳኔው ሳይጻፍ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ጠጋ ብለው «የመኪና ሞተር ግጠምላትና ተመለስ፣ ምን አደከመህ?» ብለውኝ ነበር። ምክራቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን የመኪና ሞተር ከነካምቢዮው ከገጠምኩላት የሚነዳት ሌላ ሰው ይሆናል እንጂ እህቴ አትሆንም። የመኪና ፍሪሲዮን በግራ እግር ይረገጣል። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን በእጅ ይጨበጣል፤ ለስላሳ ነው፣ ሁለት ጣት ይበቃዋል። እኔም ፍሪሲዮኑን ከመሪው በስተግራ፣ ማርሹን በስተቀኝ አደረግሁላት። ማርሹ እንደ መኪና ማርሽ ወዲያና ወዲህ አይፈለግም፤ ወደ ፊት ሲገፉት አንድ ይጨምራል፣ ወደ ኋላ ሲስቡት አንድ ይቀንሳል። ሞተሩም ባዳ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ያገለገላት፣ ጠባዩን የምታውቀው የገዛ ሞተሯ ነው።

4. ገጠማው አምስት ወር ፈጅቷል። በዘፈቀደ የተለጠፈ ነገር እንዳይመስልዎ አንዳንዱን ላስረዳ። ሞተሩ የተቀመጠው ከወንበሮቹ ኋላ ነው፤ ኃይሉ በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል። መኪናዋ ከሞተር ሳይክሏ ስለምትከብድ፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ባለጥርስ ብረት ጎረቤቴ የቶርኖ ሠራተኛው ሰፋ አድርጎ ቆረጠልኝ። ሞተር ሳይክል ወደ ኋላ አይሄድም፣ ሰው በእግሩ ይገፋዋል እንጂ። እህቴ መግፋት ስለማትችል ከአሮጌ መኪና የወጣ ማስነሻ ሞተሪኖ ከባትሪው ጋር አያያዝኩና አንድ ቁልፍ ስትጫን መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ እንድትሄድ አደረግሁ። ይህን ያየው በያጁ፣ እሱም ጎረቤቴ ነው፣ «ወደ ፊት በቤንዚን፣ ወደ ኋላ በባትሪ! ወደ ጎን ደግሞ በጸሎት በላታ» ብሎ ሰፈሩን ሲያስቅ ሰነበተ።

ዘይቱ ብዙ አስለፍቶኛል። ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ አብሮ ስለሚያዘነብል ዘይቱ በቋቱ መሐል ይቆያል። መኪና አታዘነብልም። ጋራዡ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠመዝዛት የዘይቱ መብራት ብልጭ አለ፤ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን እየሸሸ ሞተሩ ጥም ይዞት ኖሯል። ወዲያው አጥፍቼ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ቋቱን ፈታሁ፣ ዘይቱ እንዳይሸሽ ውስጡ ሦስት ግድግዳ አስበየድኩ፣ ከዚያ ወዲህ መብራቱ በርቶ አያውቅም።

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉትን ሁለቱን ካርቡራቶሮች ያስተካከልኩት በሁለት የጎማ ቱቦ ነው፤ የቱቦዎቹን አንድ ጫፍ በየካርቡራቶሩ አፍ፣ ሌላውን በየጆሮዬ አድርጌ። አየር ሲስቡ የሚያሰሙት ፉጨት አንድ ዓይነት እስኪሆን ብሎናቸውን ሩብ ዙር እያጠበቅሁ፣ ሩብ ዙር እያላላሁ ስንት ቀን ከረምኩ። በመጨረሻ ሚኒሞው፣ ማለትም ፔዳሉ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛው ድምፅ፣ እንደተኛ ሕፃን ትንፋሽ ረጋ አለ። እህቴ በምርኩዟ ተደግፋ አዳመጠችና «ጋሼ፣ መኪና ነው የሠራህልኝ የልብስ ስፌት?» አለችኝ። ስትስቅ ያየኋት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላስታውስም።

5. የውሳኔው ሁለተኛ ምክንያት «ሞተሩ ከዚህ ቀደም አደጋ ያደረሰ በመሆኑ» ይላል። የእህቴን አደጋ የሚገልጸው ሰነድ በእናንተ መዝገብ ስላለ መርማሪው ከዚያ ወስደው ነው የጻፉት። ይህን ቁጥር አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። ክቡር ኃላፊ፣ አደጋውን ያደረሰው ሞተሩ አይደለም። እኔ ነኝ።

በዚያ ሰሞን ቤንዚን ጠፍቶ ነበር። እህቴ ማደያ ተሰልፋ እየዋለች ምጥ የያዛቸው ሴቶች ጋ እየዘገየች ትበሳጭ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ታንክ ለብዙ ቀን ይብቃት ብዬ፣ ሞተር ሳይክሏን ለሰርቪስ ስታመጣልኝ በካርቡራቶሮቹ የሚያልፈውን ቤንዚን አሳነስኩት። አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትምም። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም፤ ድምፁም ያምር ነበር። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ጭነት ይዞ አቀበት ሲወጣ ግን ጉልበት ያጣል፣ ይጠፋል። ያው በማግስቱ አቀበቱ መሐል ጠፋባት። ሐኪም ቤት ካስገባናት በኋላ ተመልሼ ቤንዚኑን በእሳት ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዱን ፈታሁት። እንደ ጠመኔ ነጭ ነበር። ደህና የሠራ ካንዴላ ቡናማ ነው፤ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፣ ከጠቆረ በዝቶበታል። ይህን ማንኛውም ጠጋኝ ያውቃል። ካንዴላውን ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት።

እህቴ እስከ ዛሬ «ጠጠሩ ነው ያንሸራተተኝ» ትላለች። እኔም ሲጠይቁኝ ጠጠሩ ነው እላለሁ። ይህን ነገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖሬያለሁ፤ አሁን የማወጣው ሞተሩ ያለ ጥፋቱ በመዝገብ ላይ ስሙ ስለጎደፈ ነው። እባክዎ ከዚያ መዝገብ ላይ ሞተሩ ተሰርዞ የእኔ ስም ይግባበት።

6. ሦስተኛው ምክንያት «በምርመራ ላይ ሳለ ጥቁር ጭስ አውጥቶ በመጥፋቱ» የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ አልክድም። እንዴት እንደሆነ ግን ልናገር።

አምስት ወር ሙሉ ሞተሩን ያስተካከልኩት ኮፈኑ፣ ከወንበሮቹ ኋላ ያለው የሞተር ክዳን፣ ተነሥቶ ነው። ጆሮዬን ካላስጠጋሁ መሥራት አልችልም፤ ኮፈኑ ደግሞ ይከልለኛል። ስለዚህ ተቀብቶ፣ ተወልውሎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ከረመ። እህቴ ጋውኗን እያጠበች ታሰጣበት ነበር። ሞተር ሳይክል ዕድሜውን በሙሉ ነፋስ እየመታው የሚኖር ነው፤ ኮፈን ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔም እንደዚያው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ኮፈን ያለው ነገር ነክቼ አላውቅም። የመኪና መካኒክ ቢሆን፣ ትናንት የጀመረ ጀማሪ እንኳ፣ ይህን ስህተት አይሳሳትም ነበር።

ኮፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠምነው በእናንተ ግቢ ውስጥ፣ እኔና የቶርኖ ሠራተኛው ሆነን፣ ወረፋችን ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መርማሪው «የሚመረመረው ኮፈኑ ተዘግቶ ነው» አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ኮፈን ከፍቶ መንገድ የሚወጣ የለም። መጀመሪያ ላይ ሚኒሞው እንደ ልማዱ ነበር። መርማሪው እንኳ «ድምፁስ ደግ ነው» ብለው ነበር። በሦስተኛው ደቂቃ ድምፁ ወፈረ። ከሁሉ በፊት እኔ ሰማሁት፤ ምን እንደሆነ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ከዚያ ሞተሩ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመረ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ጠፋ። ብናስነሣው አልነሣ አለ። በወረፋው ላይ የነበረ አንድ ሹፌር «በሉ አፈር አልብሷት» ሲል ሰማሁ።

እዚያው ግቢ ከሞተሩ ፈትቼ ኪሴ ያስገባኋቸውን ሁለት ካንዴላዎች ቤት ስደርስ አወጣኋቸው። ጥላሸት ለብሰዋል። ያኔ ገባኝ። ኮፈኑ ሲዘጋ አየሩ ያጥራል፣ የጭስ ማውጫው ሙቀትም የቀረውን አየር ያግለዋል፤ ቤንዚኑ ግን የተለካው ለክፍት አየር ነው። ያን ጊዜ አሳነስኩ፣ ይህን ጊዜ አበዛሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሞተሩ የሠራው የሰጠሁትን ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይሆን ሙከራ አድርጌያለሁ። መኪናዋ ግቢያችሁ ውስጥ ስለተያዘች፣ ተመሳሳይ ሞተር ያላትን የአንድ ደንበኛዬን ሞተር ሳይክል አስፈቅጄ፣ በኮፈኑ ልክ ከካርቶንና ከቆርቆሮ ክዳን ሠርቼ ከደንኳት። በአራተኛው ደቂቃ ያንኑ ጥቁር ጭስ አወጣች። ቀጥሎ ክዳኑን በሁለት ቦታ በመዳፍ ስፋት ቀደድኩት፤ አንዱ ከጎን ነፋስ ያስገባል፣ ሌላው ከላይ ሙቀት ያስወጣል። ካርቡራቶሮቹም ቀዝቃዛ አየር ከውጭ እንዲስቡ ቱቦ አወጣሁላቸው። ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ሠራች፤ ካንዴላዎቿም ጥርት ያለ ቡናማ ሆኑ። የቶርኖ ሠራተኛውና በያጁ ቆመው አይተው ፈርመዋል፤ ምስክርነታቸው ተያይዟል። ደንበኛው ሞተር ሳይክሉ ካርቶን ካርቶን ስለሸተተችው ተቀይሞኝ ነበር፤ እሱን ታርቄያለሁ።

7. አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። በምርመራው ቅጽ ላይ ሦስት ሣጥኖች አሉ፤ «መኪና»፣ «ሞተር ሳይክል» እና «ሌላ»። መርማሪው ጥቂት አመንትተው «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። በበሩ ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት ጉድለት የተገኘባት መኪናም ሆነች ሞተር ሳይክል ተስተካክላ በሠላሳ ቀን ውስጥ ዳግም ትቀርባለች። «ሌላ» የተባለ ግን በሠላሳ ቀን ውስጥ በአቅራቢው እጅ፣ በግቢው ውስጥ፣ ሠራተኛ ባለበት ይፈርሳል። ስለዚህ እንደ መኪና ብትወድቅ ትጠገን ነበር፣ እንደ ሞተር ሳይክልም ብትወድቅ ትጠገን ነበር፤ ሁለቱንም በመሆኗ ሞት ተፈረደባት። ይህ የመርማሪው ክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቅጹ ሲዘጋጅ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም።

ይህንኑ ለማስረዳት ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሻለሁ። መስኮት 4 ወደ መስኮት 7 ላከኝ፤ መስኮት 7 «ይሄ የመስኮት 2 ነው» አለኝ፤ መስኮት 2 ላይ ያለችው ልጅ መጽሐፍ አገላብጣ ወደ መስኮት 4 መለሰችኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። እግሬ እስኪነቃ ስመላለስ በአጥሩ ቀዳዳ መኪናዋን አያታለሁ። ዝናብ ሲመታት አያለሁ፤ ድመት ወንበሯ ላይ ተኝታ አየሁ። የግቢያችሁ ዘበኛ «አንተ ሰውዬ፣ መኪናዋ የትም አትሸሽም፤ አንተ ግን ልታብድ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። የአንዱን ደንበኛ ካርቡራቶር በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ ምንም ሳይሆን። የሰው ሞተር ከፍቼ ትቼ እወጣለሁ፤ መንገድ ላይ ስደርስ ለምን እንደወጣሁ እረሳለሁ።

ምክንያቱም እህቴ አታውቅም። የምርመራው ዕለት እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ስመለስ በሩ ላይ ቆማ «አለፈች?» አለችኝ። «አልፋለች፣ ሰሌዳው ነው የቀረው፣ ወረፋ አለ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ሰፈሩ በሙሉ መውደቋን ሰምቷል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሷ ብቻ አልሰማችም። ማምሻውን ከሥራ ስትመጣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ሰሌዳው ደረሰ?» ብላ ነው። ከዚያ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ትልና የመጥረጊያ እንጨት በቀኝ እጇ ይዛ ማርሽ ትለማመዳለች። በግራ እጇ አየሩን ትጨብጣለች፣ በአፏ የሞተሩን ድምፅ ታወጣለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትገፋለች፤ አቀበቱ ጋ ስትደርስ ደግሞ አንድ ትቀንሳለች። አቀበቱን በስሙ ትጠራዋለች። የማዋለጃ ቦርሳዋን አጥባ አዘጋጅታለች፤ ከካባው በላይ ላሉ ሦስት ነፍሰ ጡሮችም «ሰኔ ላይ እመጣለሁ» ብላ ልካላቸዋለች። ይህን እያየሁ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ወጥቼ እዞራለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እወጣለሁ።

8. ስለሆነም የሚከተለውን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሀ) የማፍረሱ ትዕዛዝ ዳግም ምርመራ እስኪደረግ ድረስ እንዲታገድልኝ፤

ለ) በግቢው ውስጥ ዘበኛው ቆሞ እያየኝ ኮፈኑን ቀድጄ የአየር ቱቦውን እንድገጥምና ካርቡራቶሮቹን እንዳስተካክል አንድ የሥራ ቀን እንዲፈቀድልኝ። የማስተካክለው ኮፈኑ ተዘግቶ ነው፤ ይህ ከዕድሜ ልክ ልማዴ ጋር መጣላት ቢሆንም በካንዴላው ቀለም ተመርቼ እሠራለሁ እንጂ ጆሮዬን አላምንም፤

ሐ) ዳግም ምርመራው በእኚያው መርማሪ እንዲካሄድ። ሌላ ሰው አልፈልግም። ኮፈኑን ዘግተው ቁልፉን ኪሳቸው ይክተቱት። ሻያቸውን ይዘው ይቀመጡ፣ ሞተሩ እስከፈለጉት ጊዜ ይሥራ። ከዚያ ግቢው ጫፍ ያለውን ዳገት ሰው ጭና ትውጣ፣ ግራና ቀኝ ትታጠፍ፣ የዘይቱንም መብራት ይመልከቱት።

ስለ ሣጥኑ አልከራከርም። ካለፈች «ሌላ» የሚለው ላይ ይጻፏት፣ ሰሌዳ ብቻ ይኑራት።

ተያያዥ፦ የውሳኔ ቁጥር 418 ቅጂ፣ የጤና ጣቢያው ደብዳቤ ቅጂ፣ የሁለት ምስክሮች ቃል፣ ጥላሸት የለበሱ ሁለት ካንዴላዎች በጋዜጣ ተጠቅልለው።

9. ተጨማሪ፣ ግንቦት 20። ከላይ ያለውን ትናንት ይዤ መስኮት 2 ቀርቤ ነበር። ልጅቷ በጥሞና ገልጣ አየችውና «የሞተሩ ደብተር በማን ስም ነው?» አለችኝ። በእህቴ ስም ነው አልኳት። «እንግዲያ ባለንብረቷ አንብባ ካልፈረመች አንቀበልም፣ አባቴ» ብላ መለሰችልኝ። ሕጉ ትክክል ነው፤ የሰው ንብረት ባለቤቱ ሳያውቅ አይፈረድበትም።

ከዚያ አዲስ ወረቀት ገዛሁ። ቁጥር 5ን አውጥቼ፣ ስለ ሰሌዳው የዋሸሁትንም አውጥቼ፣ ንጹሕ አድርጌ ልገለብጠው አሰብኩ። እስከ ቁጥር 4 ድረስ ገለበጥኩ። ቁጥር 5 ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሞተሩ ጥፋተኛ አይደለም ብዬ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ካልተናገርኩ እርስዎ ለምን ያምኑኛል? እሷስ በዚያ ሞተር፣ በዚያው አቀበት፣ ምን እንደጣላት ሳታውቅ እንዴት ትውጣ? አዲሱን ወረቀት ቀደድኩት። ዛሬ ከሥራ እንደተመለሰች፣ ስለ ሰሌዳው ከመጠየቋ በፊት፣ ይህንኑ በእጇ እሰጣታለሁ። እስክትጨርስ ድረስ እፊቷ እቀመጣለሁ፤ አልነሣም። ካልፈረመች ይህ ወረቀት እርስዎ ዘንድ አይደርስም፤ እኔም በቀኑ መጥቼ መኪናዋን በእጄ እፈታታለሁ።

እስከዚህ ድረስ ስለታገሡኝ እያመሰገንኩ፣ ከሰላምታ ጋር

አቅራቢ፦ ሞተር ሳይክል ጠጋኙ (ፊርማ)

ባለንብረት፦ አዋላጅ ነርሷ (ፊርማ)
ሙሉውን አንብቤ ፈርሜያለሁ። በቁጥር 5 የተጻፈውን ያወቅሁት ዛሬ ነው። እሱን ከወንድሜ ጋር በቤታችን እንነጋገርበታለን፤ ቢሮውን አይመለከትም። ቢሮውን የሚመለከተው ይህ ነው፦ በዳግም ምርመራው ዕለት መሪው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቀኑን አሳውቁን።